ከብድር በፊት፦ ለአምቦና ለምዕራብ ሸዋ ከተሞች አነስተኛ አምራቾች የሥራ መመሪያ

በአምቦ፣ በጉደር፣ በግንጪ ወይም በጌዶ የብረታ ብረት፣ የእንጨት ወይም የብሎኬት ሥራ ያለውን ሰው «ሥራ እንዴት ነው?» ብለው ቢጠይቁት መልሱ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ የመሥሪያ ገንዘብ አጥሮኛል፣ ማሽን የለኝም፣ ብድር ቢገኝ ኖሮ። ቅሬታው ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ከሚፈልገው ገንዘብ ከፊሉ እዚያው ሼዱ ውስጥ እንደተኛ አያስተውልም። ጥግ ላይ የተቆለለው የቱቦላሬ ቁርጥራጭ፣ ልኩ ተሳስቶ የተመለሰው መስኮት፣ ለዘመድ በዱቤ ወጥቶ የቀረው አልጋ ሁሉም ገንዘብ ወጥቶባቸዋል። ይህ መመሪያ በመጀመሪያ ያንን ገንዘብ እንዴት እንደሚያወጡት፣ ቀጥሎ ሥራውን ከአደጋ እንዴት እንደሚጠብቁት፣ በመጨረሻም ማሽን መቼ እንደሚገዙ ያሳያል። ቅደም ተከተሉን አይለውጡ። ማሽኑን አስቀድሞ የገዛ ሰው የሚያተርፈው ብክነቱን በፍጥነት ማምረት ነው።

1. አንድ ወር ይመዝግቡ፣ ምንም አይለውጡ

አንድ ወፍራም ደብተር ይግዙ። ለእያንዳንዱ ሥራ አንድ ገጽ ይስጡ፤ የደንበኛው ስም፣ የተስማማችሁበት ዋጋ፣ የተቀበሉት ቀብድ፣ የወጣው ዕቃ በሜትርና በኪሎ፣ ሥራው የተጀመረበትና ያለቀበት ቀን ይስፈር። ከደብተሩ ጀርባ ደግሞ በየቀኑ አንድ መስመር ብቻ ይጻፉ፦ ዛሬ ሥራውን ምን አስቆመው? መብራት ጠፍቶ፣ ዲስክ አልቆ፣ ሠራተኛ ቀርቶ፣ ደንበኛው ልክ ቀይሮ፣ ቀለም እስኪደርቅ ተጠብቆ። ይህች መስመር ከሌላው ሁሉ በላይ ትጠቅማለች። ብዙ ሰው ሥራዬን የገደለው መብራት ነው ብሎ እርግጠኛ ሆኖ ይናገራል፤ መዝገቡ ሲታይ ግን መብራት የወሰደው ሁለት ቀን፣ ዕቃ ፍለጋ የወሰደው አምስት ቀን ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ደብተሩን ባለቤቱ ብቻ አይሙላው። ዕቃውን የቆረጠው ልጅ ራሱ ይጻፍ፤ በሚቀናው ቋንቋ ይጻፍ። ሠራተኛው አፋን ኦሮሞ ማንበብና መጻፍ የሚቀልለው ከሆነ ደብተሩ በአፋን ኦሮሞ ይሁን። ለባለቤቱ እንዲመች ብቻ የተጀመረ መዝገብ በሁለተኛው ሳምንት ባዶ ይሆናል።

በዚሁ ወር የቤቱንና የሥራውን ኪስ ይለዩ። ለራስዎ ወርኃዊ ደመወዝ ይቁረጡ፤ ልቅሶም ሠርግም የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያም ከዚያ ይውጣ እንጂ ከዕቃ መግዣው አይነካ። እቁብ የሚጥሉ ከሆነ የሥራው እቁብና የቤቱ እቁብ ለየብቻ ይሁኑ። በማኅበር ተደራጅታችሁ የምትሠሩ ከሆነ ይህ ይበልጥ ያስፈልጋችኋል፤ ማኅበር ብዙ ጊዜ የሚፈርሰው ከኪሳራው በፊት «ያ ገንዘብ የት ገባ?» በሚለው ጥያቄ ነው።

በዚህ ወር አሠራሩን ለማስተካከል እጅዎ ቢበላዎትም ይታገሡ። ወደፊት የሚያደርጉት ማሻሻያ መጥቀም አለመጥቀሙ የሚታወቀው የአሁኑ ሁኔታ በቁጥር ተይዞ ሲቀመጥ ነው።

2. ዕቃውን ያድኑ

በአነስተኛ አምራች ቤት ትልቁ ወጪ ዕቃ ነው፤ ትልቁ ማትረፊያም እሱው ነው። ከብረት እንጀምር። ቱቦላሬ የሚሸጠው በ6 ሜትር ዘንግ ነው። ከአንዱ ዘንግ 1 ሜትር ከ25 ቁራጭ ቢያወጡ አራት ያገኛሉ፤ 1 ሜትር ይተርፋል። ይህ ከዘንጉ ከ16 በመቶ በላይ ነው። ቁራጩ 1 ሜትር ከ45 ቢሆን ግን አራት ወጥቶ የሚተርፈው 20 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ 3 በመቶ የሚሆን ነው። የደንበኛውን መስኮት ልክ መለወጥ አይችሉም፤ የቆረጣውን ቅደም ተከተል ግን መወሰን ይችላሉ።

አሠራሩ ይህ ነው። ለአንድ ደንበኛ ብቻ አይቁረጡ፤ የሳምንቱን ትእዛዝ በሙሉ በአንድ ወረቀት ላይ ከረጅሙ ወደ አጭሩ ይደርድሩ። ከእያንዳንዱ ዘንግ መጀመሪያ ረጅሙን ያውጡ፣ የተረፈውን በአጫጭሮቹ ይሙሉ። ከላይ የተረፈው 1 ሜትር ለሌላ ደንበኛ የ95 ሳንቲ ሜትር አግዳሚ ይሆናል። ዲስኩ ራሱ በእያንዳንዱ ቆረጣ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር እንደሚበላ ሲያሰሉ አይርሱ፤ አምስት ጊዜ ሲቆርጡ አንድ ሳንቲ ሜትር ከምናምን ሄዷል። 1 በ2 ሜትር የሆነውን ላሜራም መቀስ ወይም ዲስክ ከመንካቱ በፊት በወረቀት ላይ አሳንሰው ይሣሉት። ወረቀት ከላሜራ ይረክሳል።

ቁርጥራጩን በሦስት መደርደሪያ ይለዩት፤ ከ1 ሜትር በላይ፣ ከግማሽ እስከ 1 ሜትር፣ ከዚያ በታች። ደንቡ አንድ ነው፦ መደርደሪያው ሳይታይ አዲስ ዘንግ አይቆረጥም። ለምንም የማይሆነውን በየወሩ መዝነው ለቁርጥራጭ ብረት ገዢ ይሽጡ፤ ኪሎውንም ይመዝግቡ። ያ ኪሎ ከወር ወደ ወር እየቀነሰ ካልሄደ የቆረጣው ወረቀት አልተሠራበትም ማለት ነው።

እንጨት ሲሆን ብክነቱ የሚታየው ከተሸጠ በኋላ ነው። በነሐሴ እርጥብ ጣውላ ተልጎ የተሠራ በር በታኅሣሥ ፀሐይ ይሸበሸባል፣ መጋጠሚያው ይከፈታል፣ ደንበኛው ተመልሶ ይመጣል። ጣውላውን ከመሬት ከፍ አድርገው፣ በየረድፉ መካከል ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያላቸው ቀጫጭን እንጨቶች አስገብተው፣ ከላይ ጣሪያ ከጎን ነፋስ ባለበት ይደርድሩት። ጫፍ ጫፉን ቀለም ይቀቡት፤ እርጥበቱ በጫፍ በኩል ፈጥኖ ሲወጣ ነው የሚሰነጠቀው። የቆየው የአናጺዎች ልክ ለ2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ዓመት ያህል ማድረቅ ይላል፤ ያን ያህል መጠበቅ ካልቻሉ ሚዛን ይጠቀሙ። አንድ ቁራጭ መርጠው በየሳምንቱ ይመዝኑት። ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም ደርቋል።

እንጨት ሲገዙ ደረሰኝ ይቀበሉ። ከግንጪ ወደ ሰሜን ያለው የጭልሞ ደን የአካባቢው ማኅበራት ከመንግሥት ጋር ሆነው የሚጠብቁት ደን ነው። ያለ ፈቃድ የወጣ ጥድ ርካሽ ቢመስልም ከነመጫኛው ሲያዝ ያጡት ጣውላውን ብቻ አይሆንም።

ብሎኬት አምራቾችን የሚጎዳው ጥድፊያ ነው። በሦስተኛው ቀን የተጫነ ብሎኬት መኪና ላይ ይፈረካከሳል። ቢያንስ ለ7 ቀን ጠዋትና ማታ ውኃ ያጠጡት፣ ፀሐይ እንዳያገኘው ይሸፍኑት። የኮንክሪት ጥንካሬ የሚለካው በ28ኛው ቀን መሆኑንም ያስታውሱ። በየዕለቱ የተሠራውን በኖራ ቀን ጽፈው ይለዩት፤ ያለዚያ ጫኚው የሚያነሳው ቅርቡ ያለውን እንጂ የቆየውን አይደለም።

3. ዋጋዎን ከጎረቤት አይቅዱ

«እገሌ በስንት ሠራው?» ብሎ ዋጋ መቁረጥ በየከተማው የተለመደ ነው፤ እገሌም ዋጋውን የቀዳው ከእርስዎ ሊሆን ይችላል። የራስዎን ይሥሩ። የሚከተለው ቁጥር ለምሳሌ ብቻ ነው፤ በራስዎ ቁጥር ይተኩት።

አንድ የላሜራ በር በ15,000 ብር ይሸጣሉ እንበል። ብረቱ 9,000፣ ኤሌክትሮድና ዲስክ ቀለምም ጨምሮ 900፣ የሠራተኛ 1,600፣ ማጓጓዣና መግጠሚያ 500 ብር። ድምሩ 12,000። ከአንድ በር 3,000 ብር ይተርፋል፤ ግን ትርፍ አይደለም። የሼድ ኪራይ፣ ጥበቃ፣ መብራት፣ የራስዎ ደመወዝ፣ የማሽን ማርጀት ተደምሮ በወር 36,000 ብር ከሆነ ወጪውን ለመሸፈን ብቻ 12 በር መሸጥ አለብዎት። ትርፍ የሚጀምረው ከ13ኛው ነው።

አሁን ወደ ቆረጣው ወረቀት እንመለስ። ከብረቱ 6 በመቶ የሚሆን ብክነት ቢያስቀሩ በአንድ በር 540 ብር ይቆጥባሉ፤ ከአንድ በር የሚተርፈው 3,540 ይሆናል፣ ወጪ የሚሸፍነውም 11 በር። አንድ ደንበኛ ሳይጨምሩ፣ አንድ ሳንቲም ሳይበደሩ አንድ በር ወደ ትርፍ ተሻገረ። በማሽን ማርጀት ስም የተያዘውን ገንዘብም በወረቀት ላይ ብቻ አይተውት፤ በተለየ ሒሳብ ያስቀምጡት።

ከዚሁ ምሳሌ ሌላ ነገር ይወጣል። ብረቱ ከሽያጭ ዋጋው 60 በመቶ ነው፤ እንግዲያው ቀብዱም 60 በመቶ መሆን አለበት። «ሲሦውን ስጠኝ» ብለው የጀመሩት ሥራ ቀሪውን ዕቃ በእርስዎ ገንዘብ የሚገዛ፣ ማለትም ለደንበኛው ያለ ወለድ የሚያበድር ሥራ ነው። ቀብዱን በተቀበሉበት ቀን ብረቱን ይግዙ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ የሚመጣ ብረት፣ ቀለምና ኮምፔንሳቶ አብሮ ወጣ። ዋጋ ቆርጦ ቀብዱን ለሌላ ነገር ያዋለ አምራች ያን ክረምት ለደንበኛው ከኪሱ ጨምሮ ነው የሠራው። ስለዚህ በሚሰጡት የዋጋ ማቅረቢያ ላይ «ይህ ዋጋ የሚጸናው ለ7 ቀን ብቻ ነው» ብለው ይጻፉ፤ ደንበኛው ቢያኮርፍም ይጻፉ።

ለመንግሥት መሥሪያ ቤትና ለትምህርት ቤት የሚሠሩ ከሆነ የበጀት ዓመቱ የሚዘጋበትን ሰኔ 30 ዕቅድዎን ሁሉ የሚገዛ ቀን አድርገው ይያዙት። በሰኔ አጋማሽ ያስረከቡት ዴስክ ክፍያው ወደ አዲሱ በጀት ሊሻገር ይችላል። ርክክቡን በግንቦት ይጨርሱ። ዕቃውን ሲያስረክቡም የንብረት መቀበያ ደረሰኙ፣ ሞዴል 19፣ ሳይቆረጥልዎት ከግቢው አይውጡ፤ «ነገ ና፣ ንብረት ክፍሉ የለም» ከተባሉ ዕቃውም ነገ ይውረድ።

4. ቦታውን ያስተካክሉ

የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት በ2004 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ «አምስቱ ማ» ያልተጻፈበት ሼድ ማግኘት ያስቸግራል፤ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ። ግድግዳው ላይ አለ፤ መዶሻው ግን እስከ ዛሬ ይፈለጋል። እንደ እኔ ከአምስቱ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን በደንብ የሠራ አምራች ከውጤቱ አብዛኛውን ያገኛል። በሦስት ወር ያልተነካ ዕቃ ከሥራ ቦታው ይውጣ። ለእያንዳንዱ መሣሪያ ግድግዳው ላይ ቅርጹ ይሣል፣ መሣሪያው ሲጠፋ ባዶ ቅርጹ ይታይ። ብረቱ ገብቶ ተቆርጦ፣ ተበይዶ፣ ተቀብቶ እስኪወጣ አንድ አቅጣጫ ይሂድ፤ የተቀባው በር በብየዳው በኩል ተመልሶ የሚወጣ ከሆነ ቀለሙ መላላጡ አይቀርም።

ልክ ላይ ግን ቆም እንበል። የተመለሰ ሥራ ሁለት ጊዜ ያስከፍላል፤ አንዴ በዕቃ፣ አንዴ በስም። ደጋግመው ለሚሠሩት መስኮት፣ ወንበር ወይም ዴስክ ቋሚ የልክ ቅርጽ ያበጁ፤ ብዙዎች ጂግ የሚሉትን። ቁራጩ በዚያ ውስጥ ተቀምጦ ሲበየድ ማእዘኑ አይሳሳትም። ከብየዳው በኋላ ሁለቱን ሰያፍ መስመሮች በሜትሮ ይለኩ፤ እኩል ከሆኑ ማእዘኑ ቀጥ ብሏል። ስኳድራ ባይኖርዎትም ይህ ይሠራል። ለሠራተኛ በቁጥር የሚከፍሉ ከሆነ ክፍያው ከዚህ ልኬት በኋላ ይሁን። በቁጥር ብቻ የሚከፈለው በያጅ ቢቸኩል ጥፋቱ የእሱ ብቻ አይደለም።

5. ስጋቱን በቀን መቁጠሪያ ላይ ያስቀምጡት

በምዕራብ ሸዋ አምራችን የሚጥሉት ነገሮች አብዛኞቹ ድንገተኛ አይደሉም። ቀናቸውን ጠብቀው ነው የሚመጡት። አንድ ትልቅ የዓመት መቁጠሪያ ግድግዳ ላይ ይስቀሉና በሁለት ቀለም ገንዘብ የሚገባበትንና የሚደርቅበትን ወር ይቀቡ። ገበሬው ጤፉንና ስንዴውን፣ በባኮ በኩል ደግሞ በቆሎውን ከኅዳር ጀምሮ ይሰበስባል፤ ቆርቆሮ፣ በርና አልጋ የሚገዛው ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ነው። ጥር የሠርግ ወር ነው። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ግንባታው ይቀዘቅዛል። እንግዲህ ክረምት ሠራተኛ የሚበተንበት ወቅት ሳይሆን መጪው በጋ የሚዘጋጅበት ነው። የበቆሎ መፈልፈያ ለኅዳር እንዲደርስ በሐምሌ መሠራት አለበት፤ ባኮ ያለው የግብርና ምህንድስና ምርምር ማዕከልም ለገበሬው የሚሆኑ የእርሻ መሣሪያዎችን የሚሠራ ስለሆነ፣ የራስዎን ከመፈልሰፍዎ በፊት እዚያ የተሠራውን አይተው ይምጡ።

ወተት አቀነባባሪዎች ከሁሉ የባሰ ቀን መቁጠሪያ አላቸው። በሆለታና በአዲስ ዓለም መስመር ዐቢይ ጾም ሲገባ ለ55 ቀን የወተት ፈላጊ ይቀንሳል፤ ላሟ ግን አትጾምም። ጾሙ ከመግባቱ አስቀድመው ወተቱን ወደ ቅቤና ወደሚቆይ አይብ የሚለውጡበትን ዕቃና ማቀዝቀዣ ያዘጋጁ፣ ከአምራቾቹም ጋር በጾም የሚቀበሉትን መጠንና ዋጋ ቀድመው ይዋዋሉ። ያ ቅቤ ለፋሲካ ገበያ ይደርሳል።

መንገድ ሌላው ነው። ከአዲስ አበባ በአምቦ አድርጎ ወደ ነቀምቴ የሚዘልቀው መንገድ የአካባቢው ንግድ ሁሉ የተንጠለጠለበት ነው፤ ከ2006 ዓ.ም. ወዲህ በአለመረጋጋት ምክንያት ስንት ጊዜ እንደተዘጋ የአምቦ ሰው ያውቀዋል። ሁሉንም ዕቃ ማከማቸት ገንዘብ ያስራል። የሚከማቸው ዋጋው ትንሽ ሆኖ ሲጠፋ ሥራውን ሁሉ የሚያቆመው ነው፦ ኤሌክትሮድ፣ ዲስክ፣ ኩሽኔታ፣ ቺንጊያ፣ ኮላ። ከእነዚህ የሁለት ሳምንት ፍጆታ ከእጅዎ አይጥፋ። ሲሚንቶም ቅርብ ነው ብለው አይዘናጉ። ሙገርም ዳንጎቴም ያሉት እዚሁ ምዕራብ ሸዋ አዳ በርጋ ውስጥ ነው፤ ሲሚንቶ በጠፋበት ጊዜ ግን የአካባቢው ብሎኬት አምራች እንደሌላው ሁሉ ተሰልፏል። የፋብሪካ ጎረቤት መሆን ድርሻ አያሰጥም፤ ከአከፋፋይ ጋር የተፈረመ ውል ያሰጣል።

መብራትን በተመለከተ ታላቁ የህዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ የእርስዎ ሼድ መብራት ግን የሚወሰነው በሰፈሩ ትራንስፎርመርና መስመር ነው። ሁለት ነገር ያድርጉ። አንደኛ፣ መብራት ሲጠፋ የሚሠራ ሥራ ዝርዝር ይለጠፍ፤ ልኬት፣ ቆረጣ መቀየስ፣ ሽቦ ብሩሽ፣ ቀለም፣ ማሸግ። ሠራተኛው ቁጭ ብሎ መብራት አይጠብቅ። ሁለተኛ፣ ባለ ሦስት ፌዝ ሞተር ካለዎት አንዱ ፌዝ ሲጠፋ ሞተሩ ወዲያው እንደማይቆም ይወቁ፤ በቀሩት ሁለቱ እያጓራ ይሞቃል፣ ጥቅልሉ ይቃጠላል። ፌዝ ሲጎድል የሚያቋርጥ ሪሌይና በሞተሩ አምፔር የተስተካከለ ኦቨርሎድ ያስገጥሙ። ዋጋው ሞተር ከማስጠቅለል ያንሳል።

አሁን ወደ ሰው እንምጣ። በብረት ቤቶች አደገኛው ልማድ ትልቁን ዲስክ ትንሹ ግራይንደር ላይ መግጠም ነው። 230 ሚሊ ሜትር ዲስክ ላይ የተጻፈው የፍጥነት ጣሪያ ብዙውን ጊዜ በደቂቃ 6,600 ዙር ነው፤ ትንሹ ግራይንደር ግን 11,000 ያህል ይዞራል። ዲስኩ እንዲገባ መከላከያው ይፈታል፤ ሲፈነዳ የሚያግደው ነገር የለም። ይህን ያየ ባለቤት ዲስኩን እዚያው ይስበር። ለብየዳ ቁጥር 10 ወይም 11 ጥቁር መስታወት ይግዙ፤ የፀሐይ መነጽር አድርጎ የሚበይድ ልጅ ዓይኑን በየቀኑ እያጣ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው። «እሱ ነው ያልተጠነቀቀው» የሚለው መከራከሪያ ብዙ አያራምድም።

እሳት ደግሞ የእንጨትና የብረት ቤት ጎን ለጎን በሆነበት ሼድ ሁሉ አለ። የብየዳ ፍንጣሪ ሰጋቱራ ውስጥ ገብቶ ለሰዓታት ተዳፍኖ ቆይቶ ሌሊት ሊነሳ ይችላል። ብየዳ ከመዝጊያው ሰዓት ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ ይቁም፣ ሰጋቱራው ማታ ማታ ከሼዱ ይውጣ፣ ቫርኒሽና ቲነር ለብቻ ይቆለፍ። የደረቅ ዱቄት እሳት ማጥፊያ በር አጠገብ ይሰቀል፤ በኤሌክትሪክ እሳት ላይ ውኃ አይረጭም። መድን ከገቡ ንብረቱን በገዙበት ዋጋ ብቻ አያስመዝግቡ። 400,000 ብር የሚያወጣ ማሽን በ200,000 ተመዝግቦ የ100,000 ብር ጉዳት ቢደርስበት መድን ድርጅቱ በመጠኑ አስልቶ ግማሹን፣ 50,000 ብር፣ ሊከፍልዎት ይችላል። ብር ከተዳከመ በኋላ ውላቸውን ያላደሱ አምራቾች ያሉት እዚህ ሁኔታ ውስጥ ነው።

6. አምስት ቁጥር፣ በየቅዳሜው

የአፈጻጸም ክትትል ማለት ረጅም ሪፖርት አይደለም። ከደብተሩ አምስት ቁጥር አውጥተው ግድግዳ ላይ ይጻፉ፦ በተባለው ቀን የተረከበ ሥራ ከስንት ስንት፣ ተመልሶ የመጣ ሥራ፣ የቁርጥራጭ ኪሎ፣ ሥራ የቆመበት ሰዓት፣ ያልተሰበሰበ ዱቤ። ቅዳሜ ከሥራ በፊት ሩብ ሰዓት ቆማችሁ ተነጋገሩበት። ቁጭ ካላችሁ ስብሰባ ይሆናል። በአንድ ጊዜ አንድ ቁጥር ብቻ ይምረጡ፣ ለአራት ሳምንት እሱን ይግፉ። ቁጥሩ ሲሻሻል ከተረፈው ገንዘብ ለሠራተኛው የሚደርሰው ድርሻ አስቀድሞ ይነገር፤ ሐሳብ አምጥቶ ምስጋና ብቻ ያገኘ ሠራተኛ ሁለተኛ አያመጣም። ዱቤን በተመለከተ ጨካኝ ይሁኑ፦ 60 ቀን ያለፈው ዱቤ ያለበት ደንበኛ፣ አጎትም ቢሆን፣ አዲስ ሥራ አይጀመርለትም።

7. አሁን ማሽን

ደብተሩ ሦስት ወር ሲሞላው ሥራው የሚጠራቀምበት ቦታ ይታወቃል። የተበየዱ በሮች ቀለም ፍለጋ ተሰልፈው ከሆነ ሁለተኛ የብየዳ ማሽን ሰልፉን ያረዝመዋል እንጂ አያሳጥረውም። አሁን ያለው መላጊያ በቀን ሁለት ሰዓት ብቻ የሚሠራ ከሆነ ሌላ አይግዙ፤ ይልቁንም ትርፍ ሰዓቱን ለጎረቤት ያከራዩ።

መግዛት የግድ ከሆነ መንገዶቹ ብዙ ናቸው። የኢትዮጵያ ልማት ባንክ በሊዝ ፋይናንስ ማሽኑን ራሱ ገዝቶ ይሰጣል፤ ከፍለው እስኪጨርሱ ማሽኑ የባንኩ ነው። ሲንቄ ባንክ የኦሮሚያ ብድርና ቁጠባ ተቋም ሆኖ ለዓመታት ለአነስተኞች ሲያበድር ቆይቶ ነው ባንክ የሆነው። የተንቀሳቃሽ ንብረት መያዣ አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ከወጣ ወዲህ ቤት የሌለው ሰው ማሽኑን፣ የተከማቸ ዕቃውን፣ የሚሰበስበውን ዱቤ በመያዣነት ማቅረብ በሕግ ይችላል፤ ባንኩ «ካርታ አምጣ» ብቻ ካለዎት ይህን አዋጅ ጠቅሰው ይጠይቁ። የሼድ ውልዎ ስንት ዓመት እንደቀረውም ያስሉ። ውሉ በሚቀጥለው ዓመት የሚያበቃ ከሆነ አምስት ዓመት የሚከፈልበት ማሽን የት ሊተከል ነው?

ለቴክኒክ ጥያቄ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት አጠገብዎ ያለውን ይጠቀሙ። የአምቦ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ትምህርት የሚሰጠው በሀጫሉ ሁንዴሳ ካምፓስ ነው፤ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ደግሞ በኢንዱስትሪ ኤክስቴንሽን አሠልጣኞቻቸውን ወደ ኢንተርፕራይዞች ይልካሉ። አገልግሎቱ አራት ዘርፍ አለው፤ የቴክኒክ ክህሎት፣ ቴክኖሎጂ፣ ሥራ ፈጠራና ካይዘን። ጥያቄዎን በጽሑፍ ያስገቡ፣ ደግሞም አንድ ችግር ብቻ ይጥቀሱ፦ «የበሩ ማእዘን ይጣመምብናል» ወይም «ሞተሩ ይሞቃል»። አሠልጣኙ ሲመጣ ደብተሩን ያሳዩት፣ ያን አንድ ችግር አብሯችሁ ይፍታ። ለፎቶና ለፊርማ ብቻ የመጣ ከሆነ ችግሩ እስኪፈታ ቅጹን አይፈርሙለት።